ጠበል የጠጣች መኪና

መኪናይቱ የባሌ ነበረች። ባሌ ታሞ ሲሞት ለልጄ ቀረች። ከኋላዋ ክፍት የሆነች፣ ጎማዋ ከፍ ያለ፣ ቤንዚን የምትጠጣ አሮጌ ፒካፕ ናት። ዱሮ አረንጓዴ ነበረች ይላሉ፤ እኔ ሳውቃት ግን መልኳ አመድ ነው። ጭቃ አትፈራም። ክረምት ገብቶ ሌላው መኪና ሁሉ አስፋልት ዳር ቆሞ ሲቀር፣ እሷ ጭቃውን እየገመሰች ወደ ሽንዲም ወደ ቋሪትም ትወጣለች። ከሽንዲ በርበሬ፣ ከቋሪት ገበዘ ማርያም ድንች ጭና እኛ ዘንድ ፍኖተ ሰላም ትገባለች። ባሌ "ይቺ በቅሎ ናት እንጂ መኪና አይደለችም" ይል ነበር።

ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሌላ ልጅ የለኝም። አባቱ መንዳት ያስተማረው እግሩ ገና ፍሬኑ ላይ ሳይደርስ ነው፣ ከጀርባው ትራስ እያስደገፈ። ከሱ ሌላ ሥራ አያውቅም። እኔም ከሱ ሌላ የማስበው የለኝም።

መንገዱ አሁን እንደ ዱሮው አይደለም። ሳምንት ይከፈታል፣ ወር ይዘጋል። ማን ዘጋው ማን ከፈተው ብለን አንጠይቅም፤ ተከፈተ ሲሉን የሚሄድ ይሄዳል፣ ተዘጋ ሲሉን ሁሉም ይቀመጣል። የሰፈራችን አንድ ሹፌር ጤፍ ለመጫን ወደ ሊበን እንደወጣ፣ እሱም መኪናውም ሳይመለሱ ዓመት አለፋቸው። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍራሹን አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። ስትመልሰው ታራግፈዋለች። ማታ የሚተኛበት ሰው ያለ ይመስል አጥብቃ ነው የምታራግፈው። እኔ በአጥሩ በኩል አያታለሁ።

ፍርሃት መጀመሪያ ላይ ያንቀጠቅጣል፣ እህል ያስጠላል። ሲቆይ ግን እንዲያ አይደለም። ሰው ክንዱ ላይ ተኝቶ ሲነሣ ክንዱ የሌላ ሰው ይመስለዋል፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም። እኔም እንዲያ ሆንሁ። ልጄ ቁልፉን አንሥቶ ሲወጣ ቆሜ አየዋለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ጎረቤቶቼ ጠንካራ ሴት ነሽ ይሉኛል።

ያን ነገር የጀመርሁት በዚያ ጊዜ ነው። ልጄ መንገድ ሲወጣ ጠበል እረጨው ነበር፤ እሱንም፣ ጎማዎቹንም። ፊቱን አዙሮ "በቃ፣ በቃ" ይለኛል። አንድ ቀን ከረጨሁ በኋላ ቆሜ ጎማውን ሳይ፣ ጠበሉ ከግቢው ሳይወጣ በአቧራው ደረቀ። ጎረቤት ከተማ ማንኩሳ እንኳ ሳይደርስ ምን ይቀራል አልሁ። ሰው ሲታመም ይረጫል፣ ይጠጣልም፤ የጠጣው ከተረጨው የበለጠ ይሠራል። መኪናም መጠጫ አላት፣ በጎኗ ያለችው ክዳን ናት። በማግሥቱ ልጄ ቁርሱን ሲበላ ክዳኗን ከፍቼ አንድ ሲኒ ጠበል ጨመርሁላት። ከላይ ከቋሪት፣ ከማርያም ያመጣሁት ጠበል ነው። በስመ አብ ብዬ ከደንሁት።

ደኅና ሄዶ ደኅና መጣ። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሰው የያዘለትን ነገር አይተውም። በወጣ ቁጥር አንድ ሲኒ እጨምር ጀመር።

ግንቦት ላይ መኪናይቱ መሳል ጀመረች። ዳገት ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትጠፋለች። ልጄ ቤንዚኑ ነው አለ። በዚያ ሰሞን ማደያው ባዶ ነው፤ ቤንዚን የሚገዛው መንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ ከደረደሩት ነው። እኛ የምንገዛው ከአንዲት ጎረቤታችን ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያ የምታሳድግ ሴት። ልጄ አጣርተሽ ቅጅልኝ ብሏት መጣ፤ እሷም በነጠላዋ እያጠለለች ትሰጠው ጀመር። ከዚያ ሰኔ ላይ መንገዱ ተዘጋ። መኪናይቱ ከነሳሏ ግቢ ውስጥ ቆመች፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ወረደባት።

እውነቱን ልናገር። ያ ክረምት ለእኔ ደግ ክረምት ነበር። ልጄ ቤት ነው። ሲያስል እሰማዋለሁ፣ ሲገላበጥ እሰማዋለሁ። እሱ ግን ነሐሴ ላይ ጢሙን መላጨት ተወ። ከዚያ ከሰው ጋር ማውራት ተወ። ጠዋት ጠዋት መኪናይቱ ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሞተሩ አይነሣ፣ መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ትንሽ ወደ ግራ ያዞራል። ምሳ ስጠራው በሦስተኛው ይሰማኛል። እኔ አየሁት፣ ግን አላየሁትም። ቤት ነው፣ በቃ፣ እላለሁ።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ልጄ በዚያው ቀን ጢሙን ተላጨ። ባትሪ አስሞላ፣ ካንዴላዎቹን አውልቆ በምላጭ ፋቀ፣ ቁልፉን አዞረ። ጭራሽ አልነሣ አለች። ሜካኒኩን ጠራው።

ሜካኒኩ ባሌን የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፤ ሲያጎነብስ ያቃስታል፣ ሲያቃስት ይቀልዳል። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አንድ ጊዜ አየና አንገቱን ነቀነቀ። ከሞተሩ አናት ላይ እጅ የምታህል የብረት ዕቃ በመፍቻ ፈታ ፈታ አድርጎ አወጣ። ካርቡሬተር ይባላል። እኔ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ይኸ የመኪና ቄስ ነው አለኝ፤ ቤንዚንና ነፋስን የሚያጋባ እሱ ነው፣ እሱ ካላጋባቸው ሞተር ትዳር የለውም። ሆዱን በካቻቪቴ ከፈተው። ውስጡ ነጭ ነው፣ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ አረንጓዴ ሻግቶ ብረቱን በልቶታል። በመርፌ ቀዳዳዎቹን ቢወጋ ፍርፋሪ ወጣ።

"ውሃ" አለ። "ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይዞ ተኝቷል። ይኸ አይድንም።"

ልጄ ዕቃውን ከእጁ ቀምቶ አየው። ፊቱ ተለወጠ። ያቺ ሴትዮ ናት አለ። ውሃ እየቀላቀለች ስትሸጥልኝ ኖራለች፣ አሁን ይኸን ወስጄ ሰው በተሰበሰበበት ፊቷ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ ጠርሙሷን አንድ በአንድ ነው የማፈሰው አለ። ሜካኒኩ ተው ቢለው አልሰማም። የግቢው በር ላይ ደርሶ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልሁት።

ዞረ። "ምኑ?"

"ውሃው። እሷ አይደለችም። ውሃም አይደለም፤ ጠበል ነው። በሲኒ ነው የጨመርሁት።"

ከዚያ ሜካኒኩ ካቻቪቴውን መሬት ላይ አስቀምጦ ግቢው ውስጥ የተጣለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

"እታለም፣ አርባ ዓመት ሞተር ፈትቻለሁ። የተጠመቀ ሞተር ዛሬ ገና አየሁ።" ዓይኑን ጠረገ። "ሰይጣኑስ ወጥቷል መሰለኝ። ችግሩ ሞተሩም አብሮት ወጣ።"

ልጄ አልሳቀም። ስንት ጊዜ ብሎ ጠየቀኝ። በወጣህ ቁጥር አልሁት። ያየኝ በቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዕቃውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ያን ቀንም በማግሥቱም እማ ብሎ አልጠራኝም።

ሜካኒኩ ሥራውን ቀጠለ። ከሥር ገብቶ የቤንዚን ጋኗን ፈታና ያለውን ሊያፈስ ሲል ጮህሁበት። ጠበል የሰው እግር የሚረግጠው ላይ አይፈስም። ሽማግሌው ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ እንግዲያ ልጠጣልሽ ወይ አለኝ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አመጣሁለት። የወጣው ከላይ ቤንዚን ነው፣ ከሥር ደግሞ እንደ ዓይን የጠራ ውሃ ተኝቷል። ያን ሳፋ ተሸክሜ ወደ ጓሮ ሄድሁ፣ ከአጥሩ ጥግ ካለችው ወይራ ሥር፣ ማንም የማይረግጠው ቦታ አፈሰስሁት። ወይራዋ በወሩ አንድ ጎኗ ደረቀ።

ካርቡሬተሩ መገዛት ነበረበት። አዲስ እንደማይገኝ ሜካኒኩ ነገረን፤ እንዲህ ያለ ከቆመ መኪና የተፈታ እንጂ ከሳጥን የሚወጣ የለም። ቡሬ አንድ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ያውቃል። ስልክ በዚያ ሰሞን አይሠራም፤ ሰው ሄዶ ማየት አለበት። ልጄ እኔ እሄዳለሁ አለ። እኔና ሜካኒኩ ተያየን። መንገድ ላይ ገመድ ተዘርግቶ መኪና ይቆማል፤ ሴትና ሽማግሌ ያልፋሉ፣ ወጣት ወንድ ይወርዳል፣ ይጠየቃል። አንዳንዱ ተጠይቆ ይመለሳል።

"ያበላሸ ያምጣ" አለ ሜካኒኩ፣ እየቀለደ መስሎ።

እኔ እሄዳለሁ አልሁ። ልጄ፣ አንቺ ካርቡሬተር ምን ታውቂያለሽ አለኝ። ምንም ማወቅ የለባትም አለ ሽማግሌው። አሮጌውን ትይዝና መንታ ወንድሙን ስጡኝ ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የብሎን ቀዳዳዎቹን በጣቴ አስነካኝ፣ እዚህ ሁለት፣ እዚህ ሁለት፣ ይቺ ክንድ በዚህ በኩል ካልሆነች አትውሰጂ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሮጌውን በሳሙና አጥቤ በጨርቅ ጠቅልዬ አገልግል ውስጥ አስቀመጥሁት። አገልግል የያዘች ሴት አራስ ጠያቂ ናት፤ ወዴት ነሽ የሚላት የለም። ይኸን ያሰብሁት ራሴ ነኝ። ሌላም ያሰብሁት ነገር አለ፣ ለማንም ያልነገርሁት። ቡሬ እደርሳለሁ፣ ቆይቼ እመለሳለሁ፣ የለም እላቸዋለሁ። ሰውዬው የለኝም አለ እላለሁ። መኪናይቱ ግቢ ውስጥ ትቆማለች፤ ልጄም ቤት ይሆናል። ኃጢአት ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሚኒባሱ ላይ ወጥቼ አገልግሉን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ።

ስንሄድ ማንም አልነካንም። ማሳው ቢጫ ነው፣ ጤፉ ተኝቷል፣ ሰው አጨዳ ላይ ነው። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት አራሷ ምን ወለደች አለችኝ። ወንድ አልኋት። እሰይ አለች።

የቡሬው ሱቅ ከገበያው ጀርባ ነው። እስከ ጣራው ብረት ነው፤ የተፈታ በር፣ የተፈታ መብራት፣ የሞተ ሞተር። ባለ ሱቁ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ዘይት እስከ ክርኑ የነካው ሰው ነው። አገልግሉን ከፍቼ ሳወጣ ራሱን ያዘ።

"እናቴ፣ ምሳ ያመጡልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።"

መንታ ወንድሙን ፈልግልኝ አልሁት። አገላብጦ አየው፣ በጥፍሩ ጨዉን ፋቀው፣ ይኸን ምን አጠጡት አለኝ። ወደ ጓዳ በአገውኛ ተጣራ፣ ሚስቱ መለሰችለት፤ የተባባሉትን አልሰማሁም። ጥቂት ቆይታ አንድ ካርቡሬተር በጋዜጣ ይዛ ወጣች። ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በጣቴ ነካሁ፤ እዚህ ሁለት፣ እዚህ ሁለት። ክንዷም በዚያው በኩል ናት።

ሌላ የለም ወይ አልሁት። ገረመው። ይኸ ተገኝቶ ሌላ ምን ያደርግልዎታል አለኝ። አንድ ብቻ ነው፣ ይኸ ከተሸጠ ቡሬም የለ፣ ሌላ ቦታም እንጃ። ዛሬ ጠዋት ሰው ገዝቶት ቢሆንስ ኖሮ አልሁት። ሰውዬው ሚስቱን አያት። ከዚያ መኪናው የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የልጄ ነው አልሁት።

"ታዲያ እሱ ምነው አልመ..." ብሎ ሳይጨርስ ተወው። ዕቃውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ።

ሚስቲቱ በርጩማ ሰጠችኝ። ስንት ልጅ አለሽ አለችኝ። አንድ ነው አልኋት። የእኔ ሁለት ናቸው አለች። ሁለቱም ወንዶች። ከቤት መውጣት ከተዉ ዓመት ሊሞላቸው ነው አለችኝ፤ እኔ ነኝ አትውጡ ያልኋቸው፣ ሱቅ እንኳ አይወጡም። ጥሬውን እዚያው እበትንላቸዋለሁ፣ እንደ ዶሮ። ይኸን ስትል ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም፤ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

"አሉልሽ እንግዲህ" አልኋት።

"አሉ" አለች። "ሰው ሲጠይቀኝ አሉ እላለሁ። ገብቼ ሳያቸው ግን እኔንጃ።"

ባሏ ወልውሎ ጨርሶ አስቀመጠው። ያሉኝን ከፈልሁ። ሁለቱንም አገልግሉ ውስጥ ከተትሁ፣ የሞተውንም ያለውንም። ሴትዮዋ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

ገዛሁት እንጂ ልወስደው ቆርጬ አይደለም። ሚኒባሱ እስኪሞላ አሁንም የለም ልል እችላለሁ እያልሁ ተቀመጥሁ። እዚሁ ወንበር ሥር ልተወው እችላለሁ፣ ላህ ወንዝ ስንደርስ በመስኮት ልጥለው እችላለሁ። ከኋላ በርበሬ ተጭኖ ስለነበር መኪናው ሁሉ ያስነጥሳል። አንድ ሽማግሌ ባነጠሱ ቁጥር ይማርዎ የሚላቸው ሲያጡ ራሳቸውን ይማርህ ይሉ ነበር፤ ሰው ይስቅ ነበር።

ማንኩሳን አልፈን ገመድ ላይ ቆምን። ውረዱ ተባልን። ወጣት ወንዶቹን ወደ አንድ ወገን አደረጓቸው። መሣሪያ የያዘ ልጅ እግር ሰው፣ ልጄን የሚያህል ነው፣ ወደ ሴቶቹ መጣ። ሳይጠይቀኝ አራስ ጠይቄ መመለሴ ነው አልሁ። ከአገልግሉ የቤንዚን ሽታ ሸተተው። ክፈችው አለኝ። ከፈትሁት። ጎንበስ ብሎ አየ።

"ይኸ ምን ዓይነት ገንፎ ነው?"

ሴቶቹ ሳቁ፣ ከዚያ ፈርተው ተዉት። የመኪና ዕቃ ነው አልሁት። የማን መኪና አለ። የባሌ ነው አልሁ። ባልሽ የት ነው አለኝ። ሽማግሌ ነው፣ ቤት ነው ያለው አልሁት። የሞተውን ባሌን አስነሥቼ ያለውን ልጄን ደበቅሁት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ልቤም የመታ አይመስለኝም።

ልጅ እግሩ አዲሱን ካርቡሬተር አወጣው። በእጁ መዝኖ፣ ክንዷን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጎ አየ። ለእኛም መኪና ሳይሆን አይቀርም አለ ጓደኛውን። ጓደኛው ትከሻውን ነቀነቀ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የምፈልገው ይኸ ነበር። ወሰዱብኝ ብዬ ገብቼ ባለቅስ ማን ይጠይቀኛል? ልጄ ራሱ ደህና አደረግሽ፣ አንቺ ብቻ ተርፈሽ ይለኝ ነበር። መኪናይቱ ትቆማለች። ኃጢአቱም የእኔ አይሆንም። እግዜር ራሱ አዘጋጅቶ እጄ ላይ ያስቀመጠልኝ ነው የመሰለኝ። ዝም ብል ያልቅ ነበር።

"መልስልኝ፣ ልጄ" አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። እጄ ተዘርግቷል። መቼ እንደዘረጋሁት አላውቅም። ነሐሴ ላይ መስኮት ዘግቶ መሪ የሚያዞረውን አሰብሁ ልል እችላለሁ፣ የቡሬዋን ሴት አሰብሁ ልል እችላለሁ፤ ግን ያን ጊዜ ያሰብሁት የለም። እጄ ብቻ ተዘርግቷል፤ አልተመለሰም። መልሶ አገልግሉ ውስጥ አስቀመጠልኝ። ሂጂ አለኝ፣ ክደኚው፣ ይሸታል።

ቤት ስደርስ ልጄ በር ላይ ቆሞ ነበር። ምንም አልጠየቀኝም፤ አገልግሉን ብቻ ያያል። አለ አልሁት። ተቀብሎኝ እዚያው ቁጢጥ ብሎ ፈታው፣ አገላበጠው፣ ወደ ብርሃን አድርጎ በቀዳዳዎቹ አየ።

"እማ" አለኝ፣ "ይኸ እኮ ራሱ ነው።"

ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁ። እግሬ አብጦ ነበር።

ሜካኒኩ በማግሥቱ ማለዳ መጣ። ሞተሩና ካርቡሬተሩ መካከል የሚገባ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የጫማ ካርቶን ቁራጭ ካርቡሬተሩ ላይ አስቀምጦ ዳር ዳሩን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርገው ቅርጹ ታተመ፣ በመቀስ ቆረጠው። አራቱን ብሎን ተራ በተራ፣ አንዱን ትንሽ አንዱን ትንሽ እያለ አጠበቀ። አንዱን ብቻ ካጠበቁ ይጣመማል አለኝ፤ በዚያን ቀን እያንዳንዱን ነገር ይነግረኝ ነበር፣ እኔም እሰማው ነበር። ልጄ ጀሪካን ይዞ ከዚያችው ጎረቤታችን ቤንዚን ሊያመጣ ሄደ። ሽማግሌው እሱን አልጠበቀም። በላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ቤንዚን ኮፈኑ ላይ አንጠልጥሎ በቀጭን ጎማ ወደ ካርቡሬተሩ አወረደው። ከዚያ ግራ ቀኝ አየ። ከእኔ ሌላ ሰው የለም።

"ግቢና ቁልፉን አዙሪ፣ ነዳጁን ርገጪ።"

"ጋሼ፣ እኔ ምን አውቄ? ልጁ ይምጣ፣ ይጠብቁት።"

"አንቺ አይደለሽ ያጠመቅሻት? ክርስትና እናቷ ነሽ። ቀስቅሻት።"

ገባሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ ሃያ ዓመት ከጎኑ ተቀምጫለሁ፤ በዚያ ወገን ግን ተቀምጬ አላውቅም። ወንበሩ ጎድጉዷል፣ የልጄ ልክ ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ የቀኙን መርገጫ በጣቴ ጫፍ ነካሁት። ቁልፉን አዞርሁ። አጉረመረመች፣ ዝም አለች። ድገሚ አለኝ። ደገምሁ። በአራተኛው ይመስለኛል፣ ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር ያዘ። መኪናይቱ ሁለንተናዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከኋላ ነጭ ጢስ ወጣ፣ የጎረቤት ዶሮዎች ሸሹ። ርገጪ ሲለኝ እረግጣለሁ፣ ቀስ ሲለኝ ቀስ አደርጋለሁ። እሱ ትንሿን ብሎን በካቻቪቴ ያዞራል፣ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ይመልሳል። ሚኒሞ ይሉታል፤ ሰው ሳይረግጥላት በራሷ የምትተነፍስበት ማለት ነው።

ልጄ ድምፁን ከመንገድ ሰምቶ ኖሯል፣ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ እየሮጠ ገባ። እኔን ወንበሩ ላይ ሲያይ ቆመ።

"በቃ እታለም" አለ ሜካኒኩ። "ልቀቂው።"

አልለቀቅሁትም።

ሰምቸዋለሁ። ግን እስከረገጥሁት ድረስ መኪናይቱ እዚህ ናት። እኔ ወንበሩ ላይ እስካለሁ ሌላ ሰው አይቀመጥም። ሜካኒኩ ደግሞ ተናገረኝ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጠርሙሱ ሊያልቅ ነው አለ። ይጩህ። እኔ የመስታወቱን ስንጥቅ እያየሁ ረግጫለሁ። ዓይኔ እንባ አላወጣም። እግሬ ብቻ ደንዝዟል።

ልጄ ጀሪካኑን አስቀምጦ መጣ፣ በሩን ከፈተ። ይቆጣል ብዬ ነበር። እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ።

"እማ። እግርሽን አንሺ።"

አነሣሁት። ትጠፋለች ብዬ ጠበቅሁ። ወረደች፣ ወረደች፣ አንድ ጊዜ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ያዘች። ማንም ሳይረግጣት በራሷ ቆመች። ሽማግሌው ካቻቪቴውን አወጣና እጁን በሱሪው ጠረገ። እኔ ወረድሁ፣ እሱ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ሽንዲ ሄደ። በሦስተኛው ቀን በርበሬ ጭኖ መጣ፣ በላ፣ ተኛ፣ ከዚያ ደግሞ ሄደ። ሲመጣ እልል አልልም፣ ሲሄድም አላለቅስም። ጋኗ ውስጥ ምንም አልጨምርም። በሩን ከፍቼ በሩን እዘጋለሁ። ቤት ባደረ ቁጥር ማታ ከሰው ጋር ሲያወራ እሰማዋለሁ፤ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጭቃው፣ አንድ ሰው ስለነገረው ቀልድ። ይስቃል። ያን ሳቅ ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም ነበር።

ዛሬም ሽንዲ ነው። መምጫው ትናንት ነበር። በርበሬው አልተለቀመ ይሆናል።